ከወር አበባ ጋር የረጋ ደም ይወጣታል፤ ደሟ «ወፍሮ» ነው?

የአዳማዋ እናት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

እንደምን አመሻችሁ። ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። የወር አበባ ካየች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይበዛባታል፤ ነገር ግን እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ እናቴም እንደዚያው ነበረች፤ «የዘራችን ነው» ብለን ተቀመጥን። አሁን የረጋ ደም ይወጣት ጀመር። ጉበት ይመስላል። ቅዳሜ ያየሁት የአንድ ብር ሳንቲም ያህላል፤ ከዚያ የሚበልጥም ነበረው። ሌሊት ከአንሶላው ሥር ፎጣ አነጥፍላታለሁ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት አትሄድም። አንድ ጊዜ ዩኒፎርሟ ላይ ታይቶባት ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ነው የመጣችው፤ ከዚያ ወዲህ አልደፈረችም።

አንዲት የማከብራት ጎረቤቴ «ደሟ ወፍሮ ነው፤ የሚያቀጥን ነገር ያስፈልጋታል» አለችኝ። ባለቤቴ ለልቡ የሚወስዳት ትንሿ አስፒሪን ቤት ውስጥ አለች፤ ከእሷ በቀን አንድ አንድ ሰጠኋት። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። እውነቱን ለመናገር የቀለላት አይመስለኝም፤ እንዲያውም ብሶባታል። መጠኑን ልጨምር ወይስ ልተወው?

ተልባና ኑግ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:41

ጎረቤትሽ ልክ ናት። አማቼ እግሩ ውስጥ ደም ረግቶበት ሆስፒታል ተኝቶ የሚያቀጥን መርፌ ሲወጋ ሰንብቷል። የሚረጋ ደም ሁሉ አንድ ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ጨምሪላት።

ላብራቶሪ ቤት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:58

እህቴ፣ አስፒሪኑን አሁኑኑ አቁሚላት። ቀሪውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

አሥራ አራት ዓመት ደም ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ስህተት በየወሩ እሰማለሁ። ያሳሳተን ቃሉ ይመስለኛል። በአማርኛ ወተትም ይረጋል፣ ደምም ይረጋል፣ የተቆጣ ሰውም ይረጋል። የተልባና ኑግ አማች እግር ውስጥ የተፈጠረውና የልጅቷ ሞዴስ ላይ የታየው ስማቸው አንድ ስለሆነ ሕመማቸውም አንድ መሰለን። ሁለቱ ግን ተቃራኒ ናቸው ብል አላጋነንኩም። የሰውየው ደም መፍሰስ ሲገባው ቆመ፤ የልጅቷ መቆም ሲገባው ይፈሳል።

የወር አበባ ሲመጣ የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ይላቀቃል፤ ትናንሽ የደም ሥሮችም ይከፈታሉ። ሰውነት የተከፈተውን በሁለት ነገር ይደፍናል፦ መጀመሪያ ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች እዚያው ላይ ይከመራሉ፤ ቀጥሎ ፋይብሪን የሚባል ክር በላያቸው ይፈተላል። በዚያው ሰዓት ማኅፀን ይህን ክር የሚያሟሙ ንጥረ ነገሮች ያመነጫል። ደሙ ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ የሚወጣው በእነዚህ ምክንያት ነው። የሚፈሰው ሲበዛ ግን የሚያሟሙት አይደርሱበትም፤ ደሙ ከመውጣቱ በፊት ይጠራቀምና ይረጋል። ስለዚህ ያየሽው ቁራጭ የሚናገረው ስለ ደሟ ውፍረት አይደለም፤ ስለ ብዛቱና ስለ ፍጥነቱ ነው። በከባዱ ቀን ትናንሽ ቁርጥራጭ ብዙ ጤነኛ ሴቶች ያያሉ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከደረሰ ግን፣ የጠቀስሽው የአንድ ብር ሳንቲም ማለት ነው፣ መታየት አለበት።

አስፒሪን ደግሞ የመጀመሪያውን ሠራተኛ፣ ፕሌትሌቱን ነው እጁን የሚያስረው። አንድ ፕሌትሌት ከሰባት እስከ አሥር ቀን ይኖራል፤ አስፒሪን ያገኘው እስኪሞት አያገግምም። ትንሿ ክኒን ብትሆንም ያው ናት። ለባልሽ ልብ የሚጠቅመው ይኸው ነው፤ ልጅሽን የሚጎዳትም ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አስፒሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

አሁን ጥቂት ልጠይቅሽ። ነስር ያስቸግራታል? ጥርስ ተነቅላ ታውቃለች? ሳትመታ ሰውነቷ ይበልዛል? አንቺስ ስትወልጂ ደም በዝቶብሽ ነበር?

አዋላጇ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

ከዚህ ሁሉ በፊት ዛሬ ማታ አንድ ነገር እይላት። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞልቶ፣ የሚቀጥለውም በአንድ ሰዓት ከሞላ፣ ወይም ስትነሳ ካዞራት፣ ልቧ ከመታ፣ ከንፈሯ ከነጣ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ያ ከሌለ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ቁጠሪ። «ብዙ ነው» የሚለው ቃል ሐኪም ጋ ሲደርስ ክብደቱ ይጠፋል። እኔ የምጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1990 እንግሊዝ አገር የወጣ የሥዕል ሠንጠረዥ ነው፤ ለማንም አይከብድም። ትንሽ የነካው ሞዴስ 1፣ መካከለኛው 5፣ ሙሉ በሙሉ የራሰው 20 ነጥብ ይሰጠዋል። ትንሽ የረጋ ደም 1፣ ትልቁ 5። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ተደምሮ 100 ካለፈ የፈሰሰው ከ80 ሚሊ ሊትር በላይ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። የብዙዋ ሴት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ እንደማለት። ከሰባት ቀን የሚያልፍ ከሆነም ጻፊው። ደብተሩን ልጅቷ ራሷ ብትይዘው ደግሞ የተሻለ ነው፤ በአልጋ ላይ ያለችውን ሌሊት ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ምክንያቱ በዕድሜ ይለያያል። የአርባ ዓመት ሴት እንዲህ ብትለኝ መጀመሪያ የማስበው ማዮማን፣ የማኅፀን ዕጢን ነው፤ ለእርግዝና መከላከያ የመዳብ ሉፕ ያስገባችም ሊበዛባት ይችላል። ባለትዳሯን ደግሞ እርግዝና እንዳይሆን ሳላረጋግጥ አልሸኛትም። በዚህች ልጅ ዕድሜ እንቁላሉ በየወሩ በወጉ ስለማይለቀቅ ዑደቱ ይዛባል፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ይታለፋል። እዚህ ላይ ግን ላብራቶሪ ቤት የጠየቃቸው ጥያቄዎች ትክክለኛ ናቸው። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የበዛባት፣ እናቷም አያቷም የበዛባቸው ልጅ የሆርሞን ጉዳይ ብቻ ላትሆን ትችላለች።

የአዳማዋ እናት — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:05

አስፒሪኑን አቁሜያለሁ። ሌሊቱን አደረች፤ ሁለት ሞዴስ።

ስትጠይቁኝ ነው የገጣጠምኩት። ነስር ከሕፃንነቷ ጀምሮ አለባት፤ ሙቀት ነው ብለን አናቷ ላይ ውኃ ስናፈስ ነበር። በሰባት ዓመቷ የወተት ጥርሷ ሲነቀል እስከ ማግሥቱ ደም ስትተፋ አድራለች። እኔ እሷን ስወልድ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቶኛል። የእናቴ ታናሽ እህት በወሊድ ነው የሞተችው፤ «ደሟ አልቆ» ነበር የሚሉት። ይህን ሁሉ አውቀው ነበር፤ አንድ መስመር ላይ አስቀምጬው ግን አላውቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ ክሊኒክ ወስጃት ነበር። ያያት ሰው ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት «ስታገባና ስትወልድ ይተዋታል» ብሎ ሸኘን። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ፊት።

የስቶክሆልሟ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:30

እህቴ፣ ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ፤ የእኔም ልጅ ታሪክ ይኸው ነውና። ነስር፣ ጥርስ፣ ከዚያ የወር አበባ። እዚህ ምርመራ ሲያደርጉላት ፎን ቪለብራንድ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ተገኘባት። ላብራቶሪ ቤት እንዳለው ፕሌትሌት የተከፈተው ሥር ላይ መከመር አለበት፤ እንዲጣበቅ የሚያደርገው ሙጫ አለ፤ የእሷ ሙጫ ያንሳል። ወንዱም ሴቷም ይወርሱታል፤ ወንዱ ግን በየወሩ አይፈተንበትም።

የሕክምና ክፍሉ ነርስ የነገረችኝን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኦላንድ ደሴቶች፣ በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ያሉት ናቸው፣ ዮርዲስ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ወደ ሄልሲንኪ መጣች። ያያት ሐኪም ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ ነበር። ከቤተሰቧ 66 ሰዎችን አጥንቶ 23ቱ ደም የሚያስቸግራቸው ሆነው አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በስዊድንኛ ጻፈው። ዮርዲስ ግን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ሞተች። የወር አበባ ካየች አራተኛ ጊዜዋ ነበር፤ በዚያው ደሟ ፈስሶ አለቀ። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካ ነበር፤ የምትሰማ አልመሰለኝም። ማታ መጥታ «እናቴ፣ እኔ ስንተኛዬ ነው?» አለችኝ።

አሁን ደህና ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ሞላት፤ እግር ኳስ ትጫወታለች። በወሯ ጥቂት ቀናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ክኒን ትወስዳለች። እሱ ደም አያረጋም፤ የተፈተለው የፋይብሪን ክር ቶሎ እንዳይሟሟ ነው የሚይዘው። ያገኙት ኡታኮ ኦካሞቶ የምትባል ጃፓናዊት ሐኪምና ባለቤቷ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1962። እዚህ ስዊድን ለወር አበባ መብዛት ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ ለልጅ ግን በሐኪም ነው።

አዋላጇ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:02

ትራኔክሳሚክ አሲድ እኛም አገር አለ፤ ወሊድ ክፍል ውስጥ አውቀዋለሁ። ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ፣ ከወሊድ በኋላ ለሚፈሰው ደም ቶሎ ሲሰጥ በመድማት የሚመጣ ሞትን እንደሚቀንስ ካሳየ ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል። ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ከሦስት ሰዓት ካለፈ ጥቅም የለውም። እግሩ ወይም ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳይነካው።

ቲክታክ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:47

እኔ በሌላኛው በር የገባሁ ነኝ። በልጅነቴ ቶንሲል ይመላለስብኝ ነበር፤ ወደ ልቤ ወርዶ በሃያ ሦስት ዓመቴ የብረት ቫልቭ ተተከለልኝ። ስሜ ከዚያ የመጣ ነው፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል ይሰማል፤ እህቴ መጀመሪያ ሰሞን «ሰዓትሽን አውልቂ» ትለኝ ነበር። ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ ዕድሜ ልኬን ዋርፋሪን እወስዳለሁ።

የሚያሠጋኝ ቀዶ ሕክምናው ነበር፤ ስለ ወር አበባዬ የነገረኝ አልነበረም። አራት ቀን የነበረው ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ ቁርጥራጩም እንዳልሽው ጉበት ነው። አንድ ወር ላይ በገዛ ሥልጣኔ ዋርፋሪኑን አራት ቀን ተውኩት። ለክትትል ስሄድ አይ ኤን አር፣ ማለትም ደሜ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ የሚለካበት ቁጥር፣ እጅግ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ ጮኸብኝ። «የወር አበባ የሚበዛባት ሴት አክሜ አውቃለሁ፤ ቫልቩ ከተዘጋ ግን የማክማት ሴት አትኖረኝም» አለኝ። ዛሬ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን የሌለው በክንድ የሚቀበር የእርግዝና መከላከያ አድርገውልኝ ፍሰቱ ቀንሷል፤ መድኃኒቱም አልተቋረጠም።

እንደ እኔ ዋርፋሪን ለምትወስዱ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጾም ሲገባ ጎመን ይበዛል፤ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪኑን ኃይል ያወርደዋል። ጎመን አትተዉ፤ ግን በፍስክም በጾምም መጠኑ ተቀራራቢ ይሁን።

ተልባና ኑግ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

እንግዲህ ተሳሳትኩ ማለት ነው፤ እሺ። ግን ልጄ ለወር አበባ መብዛት የእርግዝና መከላከያ ክኒን ታዞላት «ደም ያረጋል» ተብላ ፈርታ ጣለችው። ይኼስ የትኛው መርጋት ነው?

አዋላጇ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

ይኸኛው የአማችሽ ዓይነት ነው። ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን እግር ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ከፍ ያደርጋል፤ ከ10,000 ሴቶች በዓመት ከ3 እስከ 9 ያህሉ ላይ ይደርሳል። ክኒን ከማይወስዱት ከፍ ይላል፤ ከእርጉዞቹና ከአራሶቹ ግን ያንሳል። ልጅሽ የምታጨስ ካልሆነች፣ የደም ግፊትና ብርቱ ራስ ምታት ከሌለባት፣ በቤተሰባችሁም በወጣትነቱ ደም የረጋበት ከሌለ ፍርሃቷን ይዛ ሐኪሟ ዘንድ ትመለስ፤ ራሷ አትጣለው። አንድ እግሯ ብቻ ካበጠና ካመማት፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ግን ቀጥታ ሆስፒታል። አማችሽ ነው እንጂ ዘመዷ እንዳልሆነ ደግሞ ንገሪያት።

ተልባና ኑግ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:36

አማቼ የእሷ አያት ነው እንጂ!

አዋላጇ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ይቅርታ፣ እውነትሽን ነው። እንግዲያውስ በስንት ዓመቱ እንደረጋበት ለሐኪሟ ትንገር፤ የሰማንያ ዓመቱና የአርባ ዓመቱ አንድ አይደለም።

ከቤር ሸቫ — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:12

አያቴ ጎንደር ገጠር ሳለች የወር አበባ ስታይ የመርገም ጎጆ ትገባ ነበር፤ ሰባት ቀን እዚያ ተቀምጣ በሰባተኛው ወንዝ ወርዳ ታጥባ ትመለሳለች። ስለዚህ በመንደሩ የማን ወር አበባ ስንት ቀን እንደቆየ ምስጢር አልነበረም። «እንትና ሳትወጣ ሌላ ሳምንት ደገመች» ይባል ነበር አለችኝ፤ ያቺ ሴት ልጆቿም እንደዚያው ነበሩ። ጎጆው ይመለስ አልልም፤ አያቴም ብርዱን ታማርራለች። ነገር ግን እዚህ እስራኤል ሐኪሟ ስንት ቀን እንደነበር ሲጠይቃት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሳታመነታ መልሳለታለች። እኔ ያለፈውን ወር አላስታውስም።

የአዳማዋ እናት — በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:55

አዲስ አበባ ወስደናት ተመለስን። ደብተሩን ልጄ ራሷ ያዘችው፤ ነጥቡ 212 ሆነ። ሐኪሟ ገልብጣ አየችው፣ ሁለተኛ ጊዜ ደመረችው፣ ከዚያ ልጄን «ጎበዝ» አለቻት። ልጄ ያን ቃል መንገዱን ሙሉ ይዛው መጣች።

ሄሞግሎቢኗ 8.3፣ የብረት ክምችቷ፣ ፌሪቲን የሚሉት፣ 4። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው። የመርጋት ምርመራ ብለው የሠሩላት ሁለቱ ጤነኛ ሆነው ወጡ፤ እኔ ደስ ሲለኝ ሐኪሟ ግን አላመነችም። ለፎን ቪለብራንድ ሌላ ደም ወስደው ወደ ውጭ ልከዋል። የብረት ክኒንና ትራኔክሳሚክ አሲድ ጀምራለች። እናቴ «ጤፍ ትብላ፣ ብረት አለው» እያለች ነው።

ላብራቶሪ ቤት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:20

ሐኪሟ ልክ ናት። የተለመዱት ሁለቱ ምርመራዎች ፎን ቪለብራንድ ባለበት ሰው ላይም ጤነኛ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። የተላከውም ውጤት ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ አይታመንም። ያ ሙጫ ቀን ይቆጥራል፦ በወር አበባ የመጀመሪያ ቀናት ዝቅ ይላል፤ በድንጋጤ፣ በሕመም፣ በእርግዝናና በኤስትሮጅን ከፍ ይላል። መርፌ ፈርታ ያለቀሰች ልጅ እንኳን ከእውነተኛ መጠኗ በላይ ልታሳይ ትችላለች። የደም ዓይነቷ ኦ ከሆነም በተፈጥሮ ዝቅ ይላል። ጥርጣሬው ካለ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ይደገማል።

8.3 ደግሞ የሚያስደነግጥ ነው፤ ለሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ይባላል፤ በደጋ ለሚኖር ሰው መነሻው ከዚያም ከፍ ይላል። ስንፍና መስሏችሁ የነበረ ነገር ካለ እሱ ነው።

አዋላጇ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:34

እናትሽን አትከራከሪያቸው፤ ጤፍ ብረት አለው። ግን ብዙው ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት እምብዛም አይወስደውም። የብረት ክኒኗን ከቡናና ከሻይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቂላት፤ በብርቱካን ጭማቂ ብትውጠው ጥሩ ነው። ሰገራዋ ይጠቁራል፤ እንዳትደነግጡ። ሄሞግሎቢኗ ሲስተካከል ክኒኑን አታቋርጡ፤ ክምችቱ እስኪሞላ ተጨማሪ ወራት ይፈልጋል።

የአዳማዋ እናት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:02

ይህን ሁሉ ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። የዮርዲስ ጋ ስደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ የእህቷን ስም ጠራች፤ ስትጠራት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቆይታ ደግሞ «ሐሙስ ጥርስ ልነቀል ቀጠሮ አለኝ፤ ለሐኪሙ ልንገረው?» አለችኝ። ባለፈው ጊዜ ሁለት ቀን እንደደማት ዛሬ ነው የነገረችኝ።

ላብራቶሪ ቤት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:05

ቀጠሮውን ለጊዜው ያስተላልፉት፤ ነገ ጠዋት ደውለሽ ንገሪያቸው። የልጅሽን ወረቀት ይዘው መጀመሪያ የእሷ ሐኪም ይያቸው። እናትሽ አስፒሪን ይወስዳሉ?

የአዳማዋ እናት — ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:11

ከባለቤቴ ብልቃጥ። ለጉልበቷ። አሁን ወስጄባታለሁ።